መብራት ተመልሶ ሲመጣ

ምልልሱ የሚካሄደው አሰላ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ ነው። መምህርቷ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ያስተምራሉ፣ በግቢያቸውም ጫጩት ያሳድጋሉ። ቴክኒሺያኑ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ውሃቸውንና የጫጩቶቻቸውን ሙቀት የሚጠብቅ ነገር በራሳቸው እጅ ሊሠሩ ስለፈለጉ፣ ለዚህ የሚሆን ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር የቱ እንደሆነ ሊጠይቁት መጥተዋል።

መምህርት፦ በቴሌግራም የሚሸጡትን ሳይ ነው ያመሸሁት። አርዱዪኖ ኡኖ አለ፣ ናኖ አለ፣ ኢኤስፒ-8266፣ ኢኤስፒ-32፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ። ሁሉም ትንንሽ ካርድ ነው፤ እያንዳንዱ ሻጭ የኔ ይሻላል ይላል። ርካሹን ንገረኝና ልሂድ።

ቴክኒሺያን፦ ርካሹን ብነግርዎት አይጠቅምዎትም፣ ቲቸር። ሲኤች32ቪ003 የሚባል የቻይና ቺፕ አለ፤ በብዛት ለሚገዛ ፋብሪካ አንዱ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። 16 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ራም አለው። ለእርስዎ ሥራ አቅም አያንሰውም። ግን ኮድ የሚጫንበት መሣሪያ ለብቻው ይገዛል። አንድ ነገር ቢያስቸግርዎት ደግሞ እዚህ ከተማ «እኔም ደርሶብኝ ነበር፣ እንዲህ አድርገው» የሚልዎት ሰው አያገኙም።

መምህርት፦ ታዲያ ዋጋውን በምን ልቁጠረው?

ቴክኒሺያን፦ ሲበላሽ በሚያስወጣዎት። ቺፑ ራሱ ከሁሉም ትንሹ ወጪ ነው። መጀመሪያ ግን ምን እንዲሠራልዎት እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ካርዱን ከገዛ በኋላ ነው ሥራ የሚፈልግለት።

መምህርት፦ አንደኛው ውሃ ነው። እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። መሬት ላይ ያለው ታንከር በራሱ ይሞላል። ከዚያ ወደ ጣራው ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ እሱን ለማብራትና ለማጥፋት እኔ መነሳት አለብኝ። ካልተነሳሁ ጠዋት ከቧንቧው ጠብታ አይወርድም። አብርቼ እንቅልፍ ከወሰደኝ ደግሞ ወይ ሮቶው ሞልቶ ግቢው ይጥለቀለቃል፣ ወይ ታንከሩ አልቆ ፓምፑ በባዶ ይዞራል። ሁለተኛው ጫጩቶቹ ናቸው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። በኅዳር የአሰላ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ አንተም ታውቀዋለህ። አምፖል ሰቅዬላቸዋለሁ፤ ቀን ቀን ይበዛባቸዋል፣ ሌሊት አይበቃቸውም።

ቴክኒሺያን፦ እንግዲያው ለውሃው ማይክሮኮንትሮለር አያስፈልግዎትም።

መምህርት፦ እንዴት አያስፈልገኝም?

ቴክኒሺያን፦ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃዎታል። አንዱ ሮቶው ውስጥ፣ ሌላው ታንከሩ ውስጥ ይንጠለጠላል። የላዩ ሲሞላ ይቆርጣል፣ የታቹ ሲያልቅ ይቆርጣል። በተከታታይ ተያይዘው ኮንታክተር ያዛሉ፤ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያበራል ያጠፋል። ኮድ የለበትም፣ የሚደናገር ነገር የለበትም።

መምህርት፦ ውሃው ጣት በማታህል ልክ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ፓምፑ አይበራ አይጠፋም?

ቴክኒሺያን፦ በገመድ የሚንጠለጠለው ዓይነት ያን ችግር ይፈታዋል። ገመዱን ትንሽ ሲያስረዝሙት የሚበራበትና የሚጠፋበት ደረጃ ይራራቃል።

መምህርት፦ ልጆቹ በዩቲዩብ የሚያሳዩኝ ግን በድምፅ ርቀት የሚለካውን ሴንሰር ነው። ልቤ የተሳበውም በእሱ ነው፤ ድምፅ ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ መለካት፣ በፍጥነት ማባዛት፣ ለሁለት ማካፈል። ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነገር ነው።

ቴክኒሺያን፦ ኤችሲ-ኤስአር04 ነው፤ ክፍል ውስጥ ለማሳየት ግሩም ነው። ሮቶ ውስጥ ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ሥር ጤዛ ይቋጥራል፣ የዚህ ሴንሰር ፊት ደግሞ ክፍት ነው። ጥቂት ጊዜ ይሠራና የተሳሳተ ቁጥር መስጠት ይጀምራል። ውሃ የማያስገባም አለ፤ እሱ ከ20 ሴንቲ ሜትር የቀረበ ነገር አይለይም። ሮቶው ሊሞላ ሲል፣ በጣም በሚፈልጉት ሰዓት ማለት ነው፣ አይታየውም። ተንሳፋፊው ይሻልዎታል።

መምህርት፦ ለጫጩቶቹስ?

ቴክኒሺያን፦ ለእነሱም ያለቀለት ቴርሞስታት አለ። ይኸውልዎት፣ ደብሊው-1209 ይሉታል። ቀይ ቁጥር የምታሳይ መስኮት፣ ሦስት ትንንሽ ቁልፎች፣ ሰማያዊ ሪሌ፣ ጫፉ ሙቀት የሚያነብ ገመድ፤ ያለው ይኸው ነው። 12 ቮልት ይሰጡታል፣ 34 ዲግሪ ላይ እንዲያጠፋ፣ 32 ሲደርስ እንዲያበራ ያስተካክሉታል። ያቺን ባለ 20 እግር ጥቁር ቺፕ አዩዋት? ኤስቲኤም-8 ናት፤ 8 ኪሎባይት ፍላሽና 1 ኪሎባይት ራም ያላት ማይክሮኮንትሮለር።

መምህርት፦ ማይክሮኮንትሮለር ፈልጌ መጥቼ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ውስጡ ያለ፣ ኮዱም ተጽፎ ያለቀ ዕቃ ሰጠኸኝ።

ቴክኒሺያን፦ የጫጩቶቹን ሕይወት ለእሱ ነው የምሰጠው። እርስዎ የሚጽፉት ኮድ አንድ ሌሊት ቀጥ ማለቱ አይቀርም፤ የኔም ቢሆን ያው ነው። አምፖሉ እንደበራ ከቆመ ጫጩቶቹን ሙቀት ይገድላቸዋል፣ እንደጠፋ ከቆመ ብርድ። ቴርሞስታቱ የራሱን ሥራ ብቻ ይሥራ። የእርስዎ ካርድ ከጎን ሆኖ ሌላ ሴንሰር ይያዝና ይመልከት።

መምህርት፦ መመልከት ብቻ ከሆነ ለምን እደክማለሁ?

ቴክኒሺያን፦ መመልከት፣ ማመዛዘንና መናገር። ተንሳፋፊ ማብሪያ ፓምፑ ውሃ እየገፋ መሆኑን አያውቅም። ቱቦው ቢፈነዳ ወይም ፓምፑ አየር ቢይዝ፣ ታች ውሃ አለ፣ ላይ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ያዞረዋል። ካርዱ ግን «ይህን ያህል ደቂቃ አዞርኩት፣ ሮቶው አልሞላም፣ አንድ ነገር ተፈጥሯል» ብሎ ማጥፋት ይችላል። ሙቀቱንም በየ10 ደቂቃው እየመዘገበ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ያሳይዎታል። እርስዎ በቆጂ ለቅሶ ሄደው ቢያድሩ ደግሞ ስልክዎ ላይ መልእክት ይልካል።

መምህርት፦ እኔን ያመጣኝ ይኼ የመጨረሻው ነው። ቤቱን ትቼ መውጣት አቃተኝ። ጫጩት ካስገባሁ ወዲህ ዘመድ ጋ ያደርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቴክኒሺያን፦ ቤትዎ ዋይፋይ አለ?

መምህርት፦ የለም፤ በስልኬ ዳታ ነው የምጠቀመው። የወንድሜ ልጅ ግን ከአሜሪካ ከስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ልላክልሽ ብሎኛል። በኢንተርኔት ነው የሚሠራው፣ ከየትም ሆነሽ ታበሪያለሽ ነው የሚለኝ።

ቴክኒሺያን፦ አይላክልዎት። አንደኛ፣ እዚያ የሚሸጠው ብዙው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛን 220 ቮልት ሲያገኝ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያሉት ሶኬቶች ብዙዎቹ የእርስዎን ትእዛዝ የሚቀበሉት ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር በኩል ነው። እርስዎ ሳሎን ተቀምጠው ጓዳ ያለውን አምፖል ለማብራት ትእዛዙ አገር አቋርጦ ሄዶ ይመለሳል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። እዚህ አርሲ ውስጥ ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍነው እርስዎም ያስታውሱታል። ጫጩት ሦስት ሳምንት አይጠብቅም።

መምህርት፦ ኔትወርክ እንዳልነበረ አስታውሳለሁ። እሺ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሆን ምን አለ?

ቴክኒሺያን፦ ኢኤስፒ የሚባሉት ካርዶች እዚህ ላይ ነው የሚለዩት። የሻንጋዩ ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ 8266ን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ሲያወጣ በጥቂት ዶላር ካርድ ላይ ዋይፋይ አስገባበት። ይህ ዋይፋይ የሰው ኔትወርክ ፈልጎ መግባት ብቻ አይደለም የሚችለው፤ ራሱ ኔትወርክ መሆን ይችላል። ስልክዎን ከፍተው የካርዱን ስም ይመርጣሉ፣ ብራውዘር ላይ 192.168.4.1 ብለው ይጽፋሉ፣ የጫጩቶቹ ሙቀትና የሮቶው ሁኔታ ይመጣልዎታል። ኢንተርኔት የለም፣ ሲም ካርድ የለም፣ የሚከፈል ዳታ የለም። በግቢዎ ውስጥ እስካሉ ድረስ ይሠራል።

መምህርት፦ አርዱዪኖ ኡኖ ይህን አይችልም?

ቴክኒሺያን፦ ኡኖ አር-3 ዋይፋይ የለውም። እሱን ግን አልንቀውም። አርዱዪኖ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሬያ በሚባል ከተማ ለዲዛይን ተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ነው፤ እስከ ዛሬም ለጀማሪ እንደሱ የሚገራ አላየሁም። ኮዱ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት ነው፣ ራሙ 2 ኪሎባይት። በ5 ቮልት ስለሚሠራ ገበያ ላይ ካለው ሪሌና ሴንሰር ጋር ያለ ክርክር ይግባባል። ትልቁ ቺፕ ሶኬት ላይ የተቀመጠበት ዓይነት ከሆነ፣ ተማሪ ቢያቃጥለው እንኳ በካቻቢቴ ፈልቅቀው ሌላ ይተክሉበታል፤ ካርዱን አይጥሉትም። ለሳይንስ ክበብዎ እሱን ይውሰዱ። ለቤትዎ ግን መናገርም መስማትም የሚችል ይሻልዎታል።

መምህርት፦ ከ8266ና ከ32 የቱ?

ቴክኒሺያን፦ የዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። 8266 ቮልቴጅ የሚያነብበት እግር አንድ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ላይ ካርዱ ሲነሳ 0፣ 2 እና 15 የተባሉትን እግሮች አይቶ ነው እንዴት እንደሚነሳ የሚወስነው። ይህን ሳያውቁ ሪሌ ከእነሱ ጋር ያያይዙና፣ መብራት በመጣ ቁጥር ወይ ሪሌው ኮዱ ሳይጀምር ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ወይ ካርዱ ጨርሶ አይነሳም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ «ተበላሸ» ተብለው ከመጡት ውስጥ ይህ ብቻ የሆነባቸው ብዙ ናቸው፤ ሽቦውን አንድ እግር ወደ ጎን ባዛውረው ዳኑ። ኢኤስፒ-32ም እንዲህ ያሉ እግሮች አሉት፤ ግን እግሩ ብዙ ስለሆነ እነሱን ትተው በሌሎቹ መሥራት ይችላሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ነው የወጣው፤ 520 ኪሎባይት ራም አለው፣ ብሉቱዝም ጨምሯል። ከስልክ ሞጁልና ከሌላ ካርድ ጋር በአንድ ጊዜ የሚነጋገርበት ሦስት መስመር አለው።

መምህርት፦ ፒኮውንስ ለምን ዘለልከው?

ቴክኒሺያን፦ መልካም ካርድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በ4 ዶላር ነው የጀመረው፣ በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ባለ ዋይፋዩ በ6 ዶላር። መመሪያው በደንብ የተጻፈ ነው። እኔ ዘንድ ግን እምብዛም አይመጣም፤ ቢበላሽብዎት ምትኩን በቀላሉ አላገኝልዎትም። የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠረውን ፒኤልሲ ቢጠይቁኝ ደግሞ ከሁሉም እሱ ጠንካራ ነው እልዎታለሁ፤ ግን የአንዱ ዋጋ ጫጩቶቹን ከነቤታቸው ይገዛል።

መምህርት፦ እንግዲያው ኢኤስፒ-32 ነው።

ቴክኒሺያን፦ ይቆዩ፣ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ካርድዎ ምን ያደርጋል?

መምህርት፦ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቴክኒሺያን፦ የሚቀጥልበትን አያውቅም። ራሙ ባዶ ሆኗል። ሌሊት ነው ቀን፣ ፓምፑ ለስንት ደቂቃ ሠርቶ ነበር፣ ምንም አያስታውስም። ሌላም አለ። መብራት ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል፤ ሰዓቱ የእንጀራ ከሆነ እያንዳንዱ ምጣድ ሦስት ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። 220 መሆን የነበረበት ወደ 180 ሲወርድ በዚህ መለኪያ አይቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ፓምፑን ቢያስነሱት ሞተሩ መዞር ያቅተውና እየጮኸ ይቆማል፤ ቆሞ ጅረት ይስባል፣ ይግላል፣ ጥቅሉ ይቃጠላል። የአንድ ፓምፕ ጥቅል ማስጠቅለያ የስንት ካርድ ዋጋ እንደሆነ ያውቃሉ።

መምህርት፦ ስለዚህ ሲነሳ መጀመሪያ ምንም አያድርግ።

ቴክኒሺያን፦ ልክ ነው። የኮድዎ የመጀመሪያው መስመር «ሁሉንም አጥፋ» ነው። ሁለተኛው «አምስት ደቂቃ ጠብቅ»። በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ እንደገና ከጠፋ፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ ተንሳፋፊዎቹን ያንብብና ይወስን። ይህን የማያደርግ ኮድ ሃምሳ ዶላር ካርድ ላይ ቢጫን ያው ነው፣ ፓምፑን ያቃጥለዋል።

መምህርት፦ የሠራበትን ደቂቃስ በማይጠፋው ማስታወሻ ላይ እየጻፈ ቢያስቀምጥ? ኡኖም እንዲህ ያለ እንዳለው አንብቤያለሁ።

ቴክኒሺያን፦ አለው፣ 1 ኪሎባይት። አምራቹ ለአንዱ ቦታ 100,000 ጊዜ መጻፍ ዋስትና ይሰጣል።

መምህርት፦ በየሰከንዱ አንድ ቦታ ላይ ብጽፍ... 100,000 ለ3,600 ሲካፈል 28 ሰዓት እንኳ አይሞላም! በሁለተኛው ቀን ዋስትናው አለቀ ማለት ነው።

ቴክኒሺያን፦ ኢኤስፒ-32 የሚጽፍበትን ቦታ እያፈራረቀ ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ ቢሆንም በየሰከንዱ አይጻፍም። ነገር ሲለወጥ ብቻ ይጻፉ፤ ፓምፑ ሲነሳ፣ ፓምፑ ሲቆም።

መምህርት፦ ይኼንንስ ለልጆቹ ክፍል ውስጥ አሠራቸዋለሁ። ግን አሁን አንድ ነገር ገባኝ። መብራት ሲጠፋ ካርዱም ይጠፋል። ጫጩቶቹን የሚያሞቀው አምፖልም አብሮ ጠፍቷል። ሊነግረኝ በሚገባው ሰዓት አፉ ተዘጋ ማለት ነው።

ቴክኒሺያን፦ ከሁሉም መልእክት የሚበልጠው እሱ ነው፣ ቲቸር፤ «መብራት ጠፍቷል»። ሙቀት የሚሰጥ ካርድ የለም። ካርዱ የሚችለው እርስዎን ወይም ጎረቤትዎን መቀስቀስ ነው፤ ከሰሉን የሚያያይዘው ሰው ነው። መስኮቱን ከፈት አድርጎ ነው ታዲያ፤ የከሰል ጭስ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። ስለዚህ ለካርዱ ባትሪ እንሰጠዋለን። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የሚወጡት ሲሊንደር የሚመስሉ ሊቲየም ሴሎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሞተው ነው ባትሪው በሙሉ የሚጣለው። ደህናዎቹን ለክቼ እለይልዎታለሁ። መከላከያ ያለው መሙያ ካርድ ይገባለታል፤ ያለ መከላከያ ሊቲየም ቤት ውስጥ አላስገባልዎትም።

መምህርት፦ መልእክቱስ በምን ይወጣል? በዋይፋይ አልከኝ፣ እሱ ከግቢ አያልፍም።

ቴክኒሺያን፦ በተራ አጭር የጽሑፍ መልእክት። ሲም-800ኤል የሚባል ሞጁል አለ፤ ሲም ካርድ ይጎርሳል፣ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ይሠራል፣ ዳታ አያስፈልገውም። ግን ሰውን የሚያስለቅስ ጠባይ አለው። ሲልክ ያለማቋረጥ አይደለም የሚልከው፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ግማሽ በጥቂቱ ለሚበልጥ ጊዜ ብልጭ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። በዚያች ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። መልቲሜትሩ ይህን አያሳይዎትም፤ አማካዩን ስለሚያነብ ሁሉም ደህና ይመስላል። ካርዱ ግን ቮልቴጁ ሲወርድበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ሰው «ቺፑ የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ሌላውም እንዲሁ ይሆናል። ጥፋቱ የቀጭኑ ሽቦና የቻርጀሩ ነው።

መምህርት፦ መፍትሔው?

ቴክኒሺያን፦ ሞጁሉ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው የሚፈልገው። ሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ነው፣ ሥራ ላይ 3.7 አካባቢ። በቀጥታ ከሴሉ ላይ በአጭርና በወፍራም ሽቦ ያያይዙታል፣ አጠገቡ 1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይቆማል። ያች ቅጽበት የምትፈልገውን ከካፓሲተሩ ትወስዳለች። መልእክቱን በፊደላችን መላክ ከፈለጉም ይቻላል፤ አንዱ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው እንጂ።

መምህርት፦ «መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀት 29» ከሆነ ይተርፈዋል። ሰዓቱንስ? ኢንተርኔት ከሌለው ሰዓት ከየት ያገኛል?

ቴክኒሺያን፦ ዲኤስ-3231 የምትባል የሰዓት ካርድ አለች፤ የራሷ ክብ ባትሪ አላት፣ በዓመት የምትሳሳተው ወደ አንድ ደቂቃ ነው። እሷ እኩለ ሌሊትን ዜሮ ብላ ነው የምትቆጥረው። እርስዎ «ሌሊት 9 ሰዓት ፓምፑን ሞክር» ለማለት 3 ብለው ይጻፉ። ኮዱ ላይ 9 ብለው ቢጽፉ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነሳብዎታል።

መምህርት፦ ፓምፑን በሪሌ ነው የሚያበራው? ሪሌው ላይ 10 አምፔር ተብሎ ተጽፏል፤ የኔ ፓምፕ አንድ የፈረስ ጉልበት ነው፣ 750 ዋት ገደማ። ለ220 ሳካፍለው አራት አምፔር አይሞላም። ይበቃል ማለት ነው?

ቴክኒሺያን፦ ሞተር አምፖል አይደለም። ሲዞር ከዚያ ትንሽ በላይ ነው የሚስበው፣ ሲነሳ ግን አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል። የሪሌው ጥርሶች በዚያ ብልጭታ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ካርዱ አጥፋ ይላል፣ ፓምፑ መዞሩን ይቀጥላል። ስለዚህ ትንሹ ሪሌ ኮንታክተር ያዛል፣ ፓምፑን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። ተንሳፋፊዎቹም በዚያው መስመር ላይ ይቆያሉ፤ ኮዱ ቢያብድ እንኳ ሮቶው ሲሞላ እነሱ ይቆርጣሉ። ያን ክፍል እርስዎ አይነኩትም፣ እኔም አልነካውም። ብሬከሩንና የመሬት ሽቦውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

መምህርት፦ ሪሌው በ5 ቮልት ነው፣ ኢኤስፒው በ3.3። አይጋጩም?

ቴክኒሺያን፦ ሊጋጩ ይችላሉ። አንዳንዱ ባለ 5 ቮልት ሪሌ ዝቅ ሲል ነው የሚበራው፤ 3.3ን በበቂ «ከፍ ያለ» አድርጎ ስለማያይ አልጠፋም ይልዎታል። በ3.3 መሥራቱን እዚህ ሞክሬ ነው የምሰጥዎት።

መምህርት፦ ካርዱን ከአንተ ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ ላስልክ?

ቴክኒሺያን፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ የውጭ ዕቃ ዋጋ ተወዶብናል፤ አዲስ አበባም እዚህም ያው ነው። ከየትም ይግዙት፣ ሁለት ይግዙ። አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ኮድ የተጫነባቸው። አንደኛው ይሠራል፣ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። መብረቅ በክረምት የጭላሎ ተራራን ሥር ሲመታ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል፤ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዕቃው በአውቶቡስ እስኪላክ ጫጩቶቹ በብርድ ያልቃሉ። ርካሽ የምለው ሁለት መግዛት የሚያስችልዎትን ነው። ሲገዙ ደግሞ ገመዱንም እዚያው ይሞክሩ፤ ስልክ ብቻ የሚሞላ፣ መረጃ የማያሳልፍ ገመድ ይዘው «ኮምፒዩተሩ ካርዱን አላየውም» ብለው የሚመጡ አይጠፉም።

መምህርት፦ ካዱን አስታወስከኝ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር እዚሁ አሰላ የጀመሩት የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት። የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና ክፍል ነበረው፤ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻና ጋሪ እየሠሩ ይሞክሩ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ያ መንገድ ነው። ዓለም ላይ ከሁሉ የተሻለው ማረሻ የቱ ነው ብሎ ከመጠየቅ፣ የአርሲ በሬ ሊጎትተው ይችላል ወይ፣ ሲሰበር የሰፈሩ ቀጥቃጭ ያድሰዋል ወይ ብሎ መነሳት። ልጆቻችን ዛሬ በኢንተርኔት የሚያነቡት «የዓመቱ ምርጥ ካርድ» የሌላ አገር መብራትና የሌላ አገር ሱቅ ታሳቢ ተደርጎ የተጻፈ ነው። እዚህ ተቀምጦ ለእዚህ የሚመርጥ ሰው ያስፈልጋል።

ቴክኒሺያን፦ ለካርዱ ቀጥቃጩ እኔ ነኝ እንግዲህ። እኔ ባልኖርም ግን ኮዱ እርስዎ እጅ ይሁን። ታትሞ ከካርዱ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ የትኛው ሽቦ ከየትኛው እግር ጋር እንደሚያያዝም በእጅዎ ይሣሉት። የሚቀጥለው ጠጋኝ ምናልባት ከተማሪዎችዎ አንዱ ይሆናል።

መምህርት፦ አዲሶቹ ጫጩቶች ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ። ይደርሳል?

ቴክኒሺያን፦ ሁለቱን ሳምንት በፓምፑ ቦታ አምፖል ይሰኩ። በየቀኑ ብሬከሩን ዝቅ አድርገው ይመልሱት፤ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከብዙ ሰዓት በኋላ። ጎረቤት ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓትም ይሞክሩት። አምፖሉ አምስት ደቂቃውን ሳይጠብቅ አንዴ እንኳ ከበራ፣ ወይም «መብራት ጠፍቷል» የሚለው መልእክት አንዴ እንኳ ከቀረ፣ ምክንያቱን እስክናገኝ ፓምፑ አይያያዝም። ሦስተኛውን ሳምንት ከፓምፑ ጋር ይሥራ፤ እርስዎም ቤት ይሁኑ።

መምህርት፦ ምክንያቱን ካላገኘነውስ?

ቴክኒሺያን፦ ያኔ ጫጩቶቹ በቴርሞስታቱ፣ ውሃው በተንሳፋፊዎቹ ይቀጥላሉ፤ እነሱ ካርዱን አይጠብቁም። እርስዎ ለጊዜው ከቤት አያድሩም እንጂ የሚሞት ነገር የለም። ኤሌክትሪሺያኑን ልደውልለት?

መምህርት፦ ደውልለት። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ በለው።